አጎበር የለበሰው አጥር

አባቴ ሰውን «አንቱ» ማለት ከጀመረ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሲወድም ሲቆጣም «አንተ» እና «አንቺ» ነው የሚለው፤ የምር ሲከፋው ግን የኮቱን ቁልፎች እስከ ላይ ይቆልፍና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንቱታውን ያወጣዋል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ያዳበረው ጠባይ ነው። «እርስዎ፣ እባክዎን እዚህ ይውረዱልኝ» የተባለ ተሳፋሪ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባው ነበር አሉ። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከአዋላጇ ጋር «እርስዎ» መባባል የጀመሩ ዕለት የደንበኛዬን ፀጉር በሳሙና እንደተለቀለቀ ትቼ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ።

የጠቡ መነሻ ማር ነው። የማሩ መነሻ ደግሞ አጥራችን።

በእኛና በአዋላጇ ግቢ መካከል ግንብ የለም፣ ቆርቆሮም የለም፤ ያለው ሮዝመሪ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ሰሞን ከአንድ ጓደኛው ግቢ ቀንበጥ ቆራርጦ አመጣ። የታችኛውን ቅጠል መልምሎ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሰካቸው፤ ሥር ሲይዙ ደግሞ ገመድ ወጥሮ በሰልፍ ተከላቸው። አሁን ደረቴ ድረስ ይደርሳሉ፣ ሲያብቡም አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ይሆናል። ሰው «የጥብስ ቅጠል» ብሎ ከጠራቸው ይከፋዋል። «ሮዝመሪ ነው ስሙ። አንተን ሰው ‹ምሳ በሊታው› ብሎ ቢጠራህ ደስ ይልሃል?» ይላል። ውሃ የሚያበዛባቸው ሰው ካየ ባልዲውን ይቀማል፤ ከጥማት ይልቅ ርጥበት ነው የሚገድላቸው። መቀስ የሚያነሳው አበባው ሲረግፍ ብቻ ነው፣ እሱም ለስላሳውን ጫፍ ይከረክማል እንጂ ወደ አሮጌው እንጨት አይገባም፤ እዚያ ድረስ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ዳግም አያቆጠቁጥም።

የቤታችን የፊተኛው ክፍል የእኔ ፀጉር ቤት ነው። ቅጠሉን አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ ሲበርድ የደንበኞቼን ፀጉር በመጨረሻ አለቀልቅበታለሁ። ቅጠል ስፈልግ ግን አስፈቅጄ፣ አባቴ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ ነው የምቆርጠው። ፀጉር ያሳድጋል አያሳድግም እኔ አላውቅም። ደንበኞቼ ያሳድጋል ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ከደንበኛ ጋር አልከራከርም።

አዋላጇ ከአጥሩ ወዲያ ብቻዋን ትኖራለች። የሠፈሩን ግማሽ በእጇ ተቀብላዋለች፣ እኔንም ጭምር፤ በዚህ ምክንያት ከእሷ ጋር ተከራክሮ የሚረታ የለም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ክራቫቱን አስሮ ሲያልፍ «አንተ፣ ስትወለድም እግርህ ነው የቀደመው፤ አሁንም አካሄድህ አልተስተካከለም» ትለዋለች። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ጡረታ ስትወጣ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልሆነለት ንብ መያዝ ጀመረች። ቀፎዋን ጓሮዋ ውስጥ ከዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ያለ ጓንት ያለ መሸፈኛ ትከፍተዋለች። አይናደፉሽም ወይ ሲሏት «በምጥ ላይ ያለች ሴት ስንት ጊዜ ነክሳኛለች፤ ንብ ምን ታደርገኛለች?» ነው መልሷ።

እንግዲህ አንድ ቀን አባቴ ፋርማሲስቱ ቤት ሄዶ ዳቦ ከአዋላጇ በተገዛ ማር ቀረበለት። አንድ ጊዜ ጎረሰ። አኘከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄ አጥሬ ነው» አለ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት መጣና በአጥሩ ላይ ተጣራ። «ስሚ አዋላጅ!»

«አቤት ሹፌር» አለች፣ ከተቀመጠችበት ቀና ሳትል።

«ከማርሽ ድርሻዬን አምጪ።»

«የምን ድርሻ?»

«ንቦችሽ ውለው የሚገቡት የእኔ አበባ ላይ ነው። የማሩ ሽታ አጋለጠሽ።»

«የት ውለው እንደሚገቡ ለእኔ አይነግሩኝም። ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

«አበባው የእኔ ነው እኮ!»

«እነሱስ ቅጠልህን ነኩት? አጎደሉብህ? አንተ ያላየኸውን ነገር ነው የወሰዱት።»

በበነጋው ጠዋት የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማር ጠብ አድርጋ በአጥሩ ላይ አቀበለችው። «ድርሻህ ይኸውልህ። የተረፈህን ለልጅህ አካፍላት» አለችው። አባቴ ማሩን አየው፤ እሷን አያት። ልሶ የጨረሰው ደግሞ እዚያው ቆሞ ነው፣ ጣፍጦት። ይሄ ነው ይበልጥ ያበሳጨው።

ከገበያ አጎበር ተሸክሞ መጣ። ይሄ አልጋ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ ለትንኝ የሚሆነውን ነጭ አጎበር ነው የምላችሁ። ቁጭ ብሎ እርስ በርሱ ይሰፋው ጀመር። መርፌ ይዞ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ያመመው መስሎኝ ነበር። ሲጨርስ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አለበሰውና ግርጌውን በድንጋይ ተጫነው። የሠፈሩ ሰው ሊያይ ተሰበሰበ። አንዱ «ስንት ሙሽራ ነው የምትድረው?» አለው። ፖስተኛው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ያልሳቁት ንቦቹ ብቻ ነበሩ፤ መረቡ ላይ እያረፉ፣ ወደ ታች ወደ ላይ እየተራመዱ መግቢያ ይፈልጋሉ።

አዋላጇ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«እርስዎ» አለችው፣ «በስተርጅና ልብስ ስፌት መጀመርዎ እሰየው ነው።»

«እርስዎም ንቦችዎ ሌላ ሥራ ቢፈልጉ መልካም ነው» አላት አባቴ፣ ኮቱን እየቆለፈ።

መስኮቱ ላይ የተለጠፍኩት ይሄኔ ነው። አልዋሽም፣ ስቄያለሁ። ደንበኛዬም ዓይኗ ውስጥ ሳሙና እየገባ ስቃለች።

ሳቄ የቆመው አዋላጇ ፀጉሯን ልታስታጥብ የመጣች ዕለት ነው። አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ዋዛ ጀመረችው።

«ልጄ ሊወስደኝ ይፈልጋል» አለችኝ።

ልጇ ሌላ ከተማ የሚኖር መሐንዲስ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ የሚወቀስ አይደለም። ክረምት ላይ ደጇ ካለው ደረጃ ወድቃ እግሯ ስላበጠ እንቅልፍ አጥቷል።

«‹እማዬ፣ ብቻሽን መኖር ይብቃሽ› ይለኛል። ‹ንቦቼን ለማን ጥዬ?› እለዋለሁ። ፎቅ ላይ ስለሚኖር ቀፎ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እስካሁን በእነሱ ነው ያቆየሁት። ሌላ ሰበብ የለኝም።»

«ሄደሽ ብታይው ምናልባት ትወጂው ይሆናል፣ እትዬ» አልኳት፣ ለማለት ያህል።

ዓይኗን ገለጠች። «እዚያ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ሳይ፣ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ አንዱን እንኳ በእጄ አልተቀበልኩትም። ማን ነኝ እዚያ? የመሐንዲሱ እናት። በቃ፣ ሶፋ ላይ የምትቀመጥ አሮጊት።»

ውሃውን ዘጋሁት። «አባዬ ይሄን ቢያውቅ አጎበሩን አሁኑኑ ነው የሚያነሳው።»

«ትንፍሽ እንዳትይ!» አለች፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ብድግ ብላ። «ከእሱ ጋር መጣላት እችላለሁ። ካዘነልኝ ግን አልችለውም። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ምን ላድርግ? እኔን ስትቀበል ጭንቅላቴ አስቸግሮ እንዴት እንዳለፋት ከማስታወሷ በፊት ማልኩላት።

የመሐላው ችግር ወቅቱ ደረቅ መሆኑ ነው። ዝናብ ከቆመ ቆይቷል፤ በአካባቢው አበባ የያዘ ነገር ቢኖር የእኛ አጥር ነው። ስለዚህ የፀጉር መቀሴን ይዤ አባቴ የከሰዓት እንቅልፉን ሲተኛ ጠብቄ አጎበሩን እዚህም እዚያም ቀደድኩት። ንቦቹ ሽው ብለው ገቡ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ ተነስቶ ቀዳዳዎቹን ሲያይ «ሴትዮዋ በመቀስ መጣችብኝ!» አለና ጠገነው። ደግሞ ቀደድኩ። ደግሞ ጠገነ። በመጨረሻ ሁለተኛ አጎበር ገዝቶ በላዩ ደረበበት። ዘዴኛ ነኝ ብዬ ነገሩን ጭራሽ አከረርኩት።

አዋላጇ ስኳር በውሃ በጥብጣ ለንቦቹ አቀረበች፤ ጉንዳን ወረረው። አንድ ረፋድ ላይ ወደ ፀጉር ቤቴ ገባችና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሄዱ» አለች።

«እነማን?»

«ንቦቹ። ቀፎው ባዶ ነው። ጥሩ አድርገሽ እጠቢኝ፣ ቅዳሜ ልጄ ይመጣል። ደውዬ እሺ አልኩት።»

አልተሳደበችም፤ አባቴን አልረገመችም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በመስኮቱ ስር ሲያልፍ አየችው፣ ምንም አላለችውም። ያን ጊዜ የምር ፈራሁ።

መሐላዬን አፈረስኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ትርፍ አጎበር እየሰፋ ነበር፤ ፊቱ ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። መርፌው በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ወዴት ነው የሚወስዳት?»

«ፎቅ ላይ።»

«ፎቅ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ትቀመጣለች።»

«እሷ?» አለኝ። «መቀመጥ?»

ሄዶ ያን ሁሉ ስፌት በእጁ ቦጫጨቀው። ከዚያ በርጩማ አምጥቶ ከአጥሩ ፊት ለፊት ተቀመጠና አንዲት ንብ እስክትመጣ ይጠብቅ ጀመር። ዝንብ ስትመጣ ንብ መስላው ብድግ አለ። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት ስለው «ይቅርታ ብላት ንቦቹ ይመለሳሉ?» አለኝ። ፊቱ እንዲያ ሲጨልም ያየሁት እናቴን የቀበርን ሰሞን ነው። እኔም አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም።

ቅዳሜ መሐንዲሱ መኪናውን ደጇ ላይ አቁሞ ሻንጣ ይጭን ጀመር። አባቴ በመስኮት ሲያይ ቆየና «ያለ ኮት አልሰናበታትም» ብሎ ወደ ኋላ በረንዳ ሄደ። እዚያ ጀርባው የተሰነጠቀ አሮጌ ቁም ሳጥን አለን። የሥራ ዘመኑን ኮቶች እዚያ ይሰቅላቸዋል፤ ብል እንዳይበላቸውም በየኪሳቸው የደረቀ ሮዝመሪ ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ተመለሰ።

«ልጄ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ኮቴ ይጮኻል።»

ሄጄ በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ንቦቹ ከማንጠልጠያው ጀምሮ የኮቱን ትከሻ አልብሰውታል፤ ገና ከአሁኑ ነጭ ሰፈፍ ሠርተው ከእጅጌው አያይዘውታል። አዋላጇ ራሷ አዲስ ቀፎ ስታዘጋጅ ውስጡን በሮዝመሪ ቅጠል ታሸዋለች፣ ሽታው ንብ ይጠራል ትላለች። አባቴ ሳያውቀው የሠፈሩን ምርጥ ቀፎ አሰናድቶ ኖሯል።

«እልል በል እንጂ!» አልኩት። «ሮጠህ ንገራት!»

እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ብነግራት ልጁ ምን ያደርጋል? ንብ የሚያወጣ ሰው ጠርቶ በሣጥን ያስጭናቸዋል። ለአንዱ ገበሬ ይሰጥላታል። እሷም ‹እንኳን በሰላም ተገኙ› ብላ መኪና ውስጥ ትገባለች።» ቆሞ አሰበ፣ አውራ ጎዳና ላይ መንገድ የጠፋበት ይመስል። ከዚያ፣ ኮት ስላልነበረው፣ የሹራቡን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። ምን ሊል እንደሆነ ስላልገባኝ ተከተልኩት።

አዋላጇ አንድ እግሯ መኪናው ውስጥ ነበር።

«እርስዎ» አላት። «ንቦችዎ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።»

እግሯን መለሰችው። ፊቷ ላይ የፈነዳው ደስታ እስካሁን አይረሳኝም። አባቴ ግን ሳያስጨርሳት ቀጠለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናቸው። በገዛ ክንፋቸው ነው የመጡት። እንዳይጠይቁኝ።»

መሐንዲሱ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄማ ጥሩ ነው! ያዛቸው። ከእማዬ ስጦታ ይሁኑህ።»

ይሄን አባቴ አልጠበቀውም። ጆሮው ቀላ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ተንከራተተ። እኔም ነገሩ የገባኝ ገና ያኔ ነው።

«ስጦታ አልቀበልም» አለ። «የራሴን ንብረት ማን አባቱ ይሰጠኛል? ማራቸውንም ለእሷ አንዲት ማንኪያ አልልክም። ለጠየቀኝ ሁሉ ‹ሴትዮዋ ድሮም የንብ አያያዝ አታውቅም ነበር፣ እኔ ዘንድ ሲመጡ ነው ያማረባቸው› ብዬ እናገራለሁ።»

መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ፖስተኛው ሳይቀር ቆሟል።

አዋላጇ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ቆይታ አየችው።

«አያያዝ አታውቅም ነው ያሉት?»

«ብያለሁ።»

«ሻንጣዬን አውርድ» አለችው ልጇን።

«እማዬ!»

«አውርድ አልኩህ። ከዚህ ሰውዬ ንቦቼን ሳላስመልስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ሌላ ንብ እገዛልሻለሁ፣ እማዬ።»

«ነገሩ ንብ አይደለም! ስሜ ነው!»

መሐንዲሱ ወደ አባቴ ዞረ። ባለሙያ አምጥቶ ዛሬውኑ ሊያስወጣቸው፣ ቁም ሳጥኑን በአዲስ ሊተካለት፣ ኮት ሊያሰፋለት ለመነው። አባቴ «ኮቴን የሚነካ የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። መንገድ ላይ የቆመው ሁሉ በአዋላጇ እጅ የተወለደ ነውና ማንም ለመሐንዲሱ አልፈረደለትም። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆኖ ሻንጣውን መልሶ አስገባ። ሊሄድ ሲል እኔን ወደ ጎን ወስዶ «ያ ደረጃ ነው የሚያስፈራኝ፤ በየቀኑ እይልኝ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። አባቴ ዘወር ብሎ አጥሩን ያይ ነበር፤ የሰማ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጠዋት የዶማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ አባቴ ከአጥሩ መሀል ያለውን፣ ከሁሉም የወፈረውንና አበባው የበዛውን ሮዝመሪ ከነሥሩ ነቅሎ እያነሳው ነው። ያረጀ ሮዝመሪ ከተነቀለ ሌላ ቦታ ቢተክሉትም እንደማይጸድቅ ያስተማረኝ ራሱ ነው።

«አባዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ሴትዮዋ ንቦቹን ልትሰርቅ መምጣቷ አይቀርም» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «በዚያ ደረጃ ወርዳ በመንገድ ዞራ ስትመጣ ወድቃ ብትሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? በዚህ ትግባና ትስረቅ።»

ጉድጓዱን ደለደለው፤ እንዳያዳልጥ አሸዋ አለበሰው፤ በእግሩ እየረገጠ ሞከረው። አፈሩ ገና ሳይደርቅ አዋላጇ መጣች። ክፍተቱ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች፤ ዳር ላይ የተጋደመውን ሮዝመሪ፣ አበባው ላይ የቀረውን ጤዛ አየች። ገብታ የቁም ሳጥኑን በር በባዶ እጇ ቀስ አድርጋ ከፈተችና እንደ ድሮዋ አራስ ቤት የገባች ያህል ድምፅ ሳታሰማ ጎንበስ ብላ አየች።

«ደህና ናቸው» አለች። «ንግሥቷም አለች። ኮትዎን ግን ይርሱት።»

«አይንኩብኝ!» አለ አባቴ። «ደግሞም ቆመው አይስረቁ፣ ወገብዎን ያምዎታል። ወንበር ላምጣ።»

እሱ ወደ ቤት ሲገባ አዋላጇ የእጄን አንጓ ጨብጣ ወደ እሷ ሳበችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ስሚኝ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባትሽ ሆደ ቡቡ ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ያዝንልኝና ‹ንቦችሽን ውሰጂ› እንዳይለኝ፣ አደራሽን።»

«እሺ እትዬ» አልኳት፤ አባቴም ወንበሩን ይዞ መጣ።